ኮምፒዩተርን ማስቸኮል

ባለፈው እሑድ የእኅቴ ልጅ አሮጌ ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ወደ ቤቴ መጣና፣ «ጋሼ፣ ይህን ዕቃ ገንዘብ ሳላወጣ ላፈጥነው አስቤአለሁ፤ ምን ይሉኛል?» ሲል ጠየቀኝ። «ውስጡ ምን አለ?» ብለው፣ «ነፍሱን ይማረውና የአባቴ ፎቶግራፎች በሙሉ፤ ሌላ ቅጂ የላቸውም» አለኝ። ለርሱ የነገርሁትን ለአንባቢም ይጠቅም እንደ ሆነ እነሆ።

ኮምፒዩተር የሚሠራው በምት ነው። ባስ የተባለው፣ ክፍሎቹ የሚገናኙበት የጋራ መንገድ፣ የራሱ ምት አለው፤ ፕሮሰሰሩም ያንኑ ምት አባዝቶ ይሠራል። ኢንቴል በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሴሌሮን 300ኤ 66 ሜጋኸርዝን በ4.5 እያባዛ 300 ይደርስ ነበር። ማባዣው የተቆለፈ ስለ ሆነ፣ ፍጥነት ፈላጊዎች ባሱን ወደ 100 ከፍ አድርገው 450 አገኙበት። የልጁም ኮምፒዩተር የዚያው ዘመን ነው።

አደጋው ግን እዚህ ላይ ነው፤ ባሱ ሲቸኩል ብቻውን አይቸኩልም። ዲስኩ የሚታዘዝበት ፒሲአይ የተባለው መንገድ የተሠራው ለ33 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ ይህንንም የሚያገኘው የባሱ ምት ተካፍሎ ነው። 66 ለ2፣ 100ም ለ3 ሲካፈል 33 ይሆናል። በ83 ላይ ግን አካፋዩ 2 እንደ ሆነ ይቀራል፤ ፒሲአዩም ወደ 41.5 ይወጣል፤ ከልኩ በሩብ በለጠ ማለት ነው። እንግዲህ ጠንቃቃ ነኝ ብሎ በ83 የቆመው ሰው፣ 100 ከደረሰው ይልቅ ዲስኩን ለባሰ አደጋ አጋለጠ።

ፕሮሰሰሩ ያቃተው እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ ቀጥ ይላል፤ ባለቤቱም ያውቃል። በዲስኩ ላይ የሚጻፈው ሲሳሳት ግን የሚጮህ የለም፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ምናልባት ከወራት በኋላ ፎቶግራፉ አልከፈት ሲል ነው።

አዲስ ዕቃ የያዘም አይታበይ። በ2011 ኢንቴል ሳንዲ ብሪጅ በተባሉት ፕሮሰሰሮች ብዙውን ክፍል ከአንድ የ100 ሜጋኸርዝ ምት ጋር ስላሰረው፣ ምቱን ከጥቂት በመቶ በላይ ማሳደግ አዳጋች ሆኖ ነበር።

ስለዚህ አስቀድመህ ፋይሎችህን በሌላ ዲስክ ገልብጠህ፣ ዲስኩን ነቅለህ አኑር። የፒሲአዩ ምት ከ33 አለመዝለሉን አረጋግጥ። ጥቂት በጥቂት ጨምር፤ በየደረጃውም ፈትን።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። እህል ቢፈስ ይለቀማል፤ የተበላሸ የአባት ፎቶግራፍ ግን ከየት ይለቀማል? ገንዘብ ላያወጣ የመጣው ልጅ ዕቃውን እኔ ዘንድ ትቶ ዲስክ ሊገዛ ሄደ።