ከተራራ መመለስም ጀግንነት ነው

ማራቶን ተብሎ የሚጠራው ሩጫ ርዝመቱ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ከተማ ይህን ርቀት በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ካሸነፈ ወዲህ፣ የረጅም ርቀት ሩጫ በአገራችን የጽናት ምሳሌ ሆኖ ይነገራል። ከማራቶን የሚበልጥ ርቀት ያለው ሩጫ ሁሉ ደግሞ አልትራ ማራቶን ይባላል። ከዚህም ውስጥ በተለይ የሚከብደው በተራራ ላይ የሚደረገው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚህ ዓይነቱ ውድድር የሚገባ ሰው ምን ሊማር ይገባዋል? የብዙ ሰው መልስ «ጽናትን» የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከጽናት ጋር እኩል ሊማረው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም በጊዜው ማቆምን ነው።

የነገሩን ክብደት ለመረዳት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሞን ብላን ተራራ ዙሪያ የሚካሄደውን ውድድር እንመልከት። ሯጮቹ ሻሞኒ ከተባለችው የፈረንሳይ ከተማ ተነሥተው፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ ምድር አልፈው፣ ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ። መንገዱ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዳገቱ ሁሉ ተደምሮ ሲታሰብ 10,000 ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ራስ ዳሸንን ሁለት ጊዜ ከመውጣት ይበልጣል። ለዚህም የተፈቀደው ጊዜ 46 ሰዓት ተኩል ነው። ሁሉም ተወዳዳሪ ብዙ ልምምድ አድርጎ የመጣ ቢሆንም፣ በአንዳንድ ዓመታት ከሦስት አንድ እጅ በላይ የሚሆኑት ሳይጨርሱ ይቀራሉ።

ተራራ ሯጩን የሚፈትነው በዳገቱ ብቻ አይደለም። ቁልቁለቱ የጭን ጡንቻዎችን ከዳገቱ ይልቅ ይጎዳል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ላብ ወይም ዝናብ ያረጠበው ልብስ ነፋስ ሲያገኘው የሰውነትን ሙቀት በፍጥነት ይወስዳል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ብርድና ድካም የማሰብ ችሎታንም የሚያዳክሙ መሆናቸው ነው። ሰውየው መመለስ በሚያስፈልገው ሰዓት፣ መመለስ እንደሚያስፈልገው የሚነግረው አእምሮው ደንዝዟል። ስለዚህ «በምን ምክንያት አቆማለሁ?» የሚለው ጥያቄ መመለስ ያለበት ገና ሩጫው ሳይጀመር፣ ልብና አካል ሳይደክሙ ነው።

ይህን የሚያስረዳ አሳዛኝ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 2021 በቻይና አገር፣ በጋንሱ ክፍለ ሀገር፣ 172 ሰዎች ለ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ሩጫ ተሰለፉ። ብዙዎቹ የለበሱት ቁምጣና ስስ ሹራብ ነበር፤ ነፋስ የሚከላከል ልብስ መያዝም ግዴታ አልነበረም። እኩለ ቀን ገደማ፣ ሯጮቹ በከፍተኛው የመንገዱ ክፍል ላይ ሳሉ፣ በረዶና ዝናብ የቀላቀለ ኃይለኛ ነፋስ ወረደባቸው። 21 ሰዎች በብርድ ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ በአገሩ ታላቅ ስም የነበረው ሯጭ ሊያንግ ጂንግ ነበር። አስቀድመው ወደ ኋላ የተመለሱ ሯጮች ግን ድነዋል። በዋሻ ተጠልሎ የነበረ አንድ የበግ እረኛም ስድስት ሯጮችን ከሞት አተረፈ። ከታላቁ ሯጭ ብርታት ይልቅ በዚያች ሰዓት የጠቀመው የእረኛው ዕውቀት ነበር። የእኛም የመንዝ እረኛ ሰማዩ ቢጠራም በርኖሱን ጥሎ ወደ ግጦሽ የማይወጣው የደጋን ጠባይ ስለሚያውቅ ነው።

ይህን አስተያየት የሚቃወሙ ሰዎች፣ «መመለስን ካመሰገንን ወጣቱ በትንሽ ድካም ሁሉ ማቋረጥን ይለምዳል» ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ድካምና አደጋ አንድ አይደሉም። እግር ሲዝል፣ እንቅልፍ ሲያንገላታ፣ ተስፋ መቁረጥ ሲመጣ መታገሥ ይገባል። ለዚህም መድኃኒቱ ፍጥነትን መቀነስ፣ መብላትና መጠጣት ነው። ዳገት ሲጠና ስመ ጥር ሯጮችም እንኳ በእርምጃ ይሄዳሉ። ነገር ግን ሰውነት ያለማቋረጥ ሲንቀጠቀጥ፣ ንግግር ሲተሳሰር፣ ሕመም አረማመድን ሲያዛባ፣ ወይም ሰማዩ ሲከፋ፣ ያ የአደጋ ምልክት ነው። ድካምን ታግሦ አደጋን የሚሸሽ ሰው ሰነፍ ሊባል አይችልም።

ኃላፊነቱም የሯጩ ብቻ አይደለም። በሞን ብላን ውድድር ዝናብ የማያስገባ ልብስ፣ የራስ ባትሪ፣ ፊሽካና ሙቀት የሚጠብቅ መሸፈኛ ያልያዘ ሰው እንዲሮጥ አይፈቀድለትም። በየጣቢያው በተወሰነው ሰዓት ያልደረሰውም እንዲያቆም ይደረጋል። ይህ ሥርዓት ጭካኔ ቢመስልም፣ የደከመ አእምሮ ሊያደርገው የማይችለውን ውሳኔ ስለሚወስንለት ሕይወት ያድናል።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ አበው፣ ወደ ተራራ ሩጫ የሚገባ ወጣት አስቀድሞ በአጭር ርቀት ይለማመድ፤ ልብሱንና ስንቁን ያዘጋጅ፤ የሚያቆምበትንም ምክንያት ለራሱ ይወስን። እኛ ተመልካቾች ደግሞ ልማዳችንን ማረም አለብን። የምናጨበጭበው መድረሻውን ለረገጠው ብቻ ከሆነ፣ በጭጋግ ውስጥ ቆሞ ልመለስ ወይስ ልቀጥል እያለ የሚያመነታውን ወጣት ወደ አደጋው የምንገፋው እኛ ነን። አደጋን አይቶ በጊዜው የተመለሰውን ሯጭ ያለ ነቀፌታ፣ በክብር ልንቀበለው ይገባል።