ስለ እሪያ ርቢ በሙቀት ወራት፤ ውኃው ሳይቈጠር እንስሳው አይሰጥ

በኢትዮጵያ እሪያ የሚያረባ ሰው ጥቂት ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሥጋውን አይበሉምና፤ የማይበላውን ብላ ብሎ መምከርም የዚህ ጽሑፍ አሳብ አይደለም። ዳሩ ግን በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ዙሪያ፣ በሌሎችም ከተሞች አጠገብ፣ ለሆቴል ቤቶች ገበያ ብለው ጥቂት እሪያዎችን በትንሽ ግቢ የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። ሹም የማይወደውን እንስሳ አይቶ እንዳላየ ማለፍ ይቀለዋል። ይሁን እንጂ ሽታው ጎረቤትን ሲያስመርር፣ እድፉም ወደ ምንጭ ሲወርድ፣ አቤቱታው ወደ እርሱ መምጣቱ አይቀርምና ነገሩን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

እሪያ በጠባዩ ጭቃ ይወዳል ሲባል ይሰማል። ምክንያቱ ግን ጠባይ ሳይሆን ሙቀት ነው። ሰውና ፈረስ ሲሞቃቸው ያልባቸዋል፤ በላባቸውም ይቀዘቅዛሉ። እሪያ ግን ለዚህ የሚበቃ ላብ የለውም፤ ከቆዳው በታች ያለውም ስብ ሙቀቱን ይይዝበታል። ስለዚህ የሚቀረው ማለክለክና ገላውን ማርጠብ ብቻ ነው። ጭቃ ከውኃ ይልቅ ዘግይቶ ስለሚደርቅ ቅዝቃዜው ይቈይለታል፤ ከውጭ አገር የመጣውን ነጩን ዘር ደግሞ ፀሐይ ቆዳውን ታቃጥለዋለችና ጭቃው እንደ ልብስ ይሆነዋል። የሚረጥብበት ሌላ ነገር ያጣ እንደ ሆነ ግን በገዛ ዓይነ ምድሩና ሽንቱ ላይ ይተኛል። ሰፊ ስፍራ፣ ጥላና ውኃ ያገኘ እሪያ የሚተኛበትን ቦታ ከሚጸዳዳበት ለይቶ የሚጠብቅ እንስሳ ነው። እንግዲህ በግቢው ለሚታየው እድፍ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው እንጂ እንስሳው አይደለም።

ያደገ እሪያ የአየሩ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ መጨነቅ ይጀምራል፤ የምታጠባ እናት ደግሞ ከዚያም ቀደም ብላ ትጨነቃለች። በአዋሽ ሸለቆና በጋምቤላ ቆላ ይህ ሙቀት የብዙ ወራት ነገር ነው፤ በወይና ደጋውም ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ቀትሩ ይከብዳል። ለጥላ ከሁሉ የሚሻለው ዛፍ ነው። ዛፍ ከሌለ ጐኑ ነፋስ የሚያሳልፍ፣ ሰው ሳይጐነበስ የሚገባበት፣ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሆነ፣ ክዳኑም ወፍራም ሣር የሆነ ዳስ ይበቃል። ቆርቆሮ መክደን ክብር የሚመስላቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በዝቅተኛ ቤት ላይ የተመታ ቆርቆሮ በቀትር ጊዜ ከምጣድ አይለይም። ቆርቆሮው አስቀድሞ የተመታ ከሆነ ሣር ይደረብበት።

ከጥላ ይልቅ የሚያስቸግረው የውኃ ነገር ነው። አንዲት የምታጠባ እናት በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር፣ በማደግ ላይ ያለ አንድ እሪያም ከ5 እስከ 10 ሊትር ይጠጣል። ስለዚህ አንዲት እናትና አራት ታዳጊዎች ያሉት ሰው ለመጠጥ ብቻ በየቀኑ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 2 ጊዜ፣ ሙቀት ሲበረታ 3 ጊዜና ከዚያም በላይ ማስቀዳት አለበት፤ ገላ ለማርጠቢያና ቤት ለማጠቢያ የሚሆነው ገና አልተቈጠረም። ይህን ሁሉ ከሩቅ ምንጭ የሚሸከሙት የቤቱ ሴቶችና ልጆች ናቸው። እንስሳ የሚያከፋፍሉ ሰዎች የእንስሳውን ቍጥር በመዝገብ በጥንቃቄ ይጽፋሉ፤ ውኃውን ማን ከየት እንደሚያመጣው ግን አይጠይቁም። ጥያቄው ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባ ነበር። ውኃው ለሁለት ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሁለት ብቻ ይሰጠው፤ ስድስት የጠሙ እሪያዎች ለባለቤቱም ለጎረቤቱም ዕዳ ናቸውና። የሚንከባለሉበትም ጕድጓድ ሰው ከሚቀዳበት ምንጭ በታችና ራቅ ብሎ ይቈፈር፤ ውኃውም ሳይሸት ይለወጥ።

የሆቴል ትራፊ ለሚያበላ ሰው ደግሞ ጥንቃቄው የበለጠ ነው። ትራፊው ጨው ይበዛበታል፤ ጨው በልቶ ውኃ ያጣ እሪያ አእምሮው ተነክቶ ይዞራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይሞታልም። ከብዙ ጥማት በኋላ ውኃ ሲገኝ በአንድ ጊዜ ጠግቦ እንዲጠጣ አይለቀቅ፤ ጥቂት በጥቂት ይሰጠው። ምግቡም ንጋትና ማታ አየሩ ሲበርድ እንጂ በቀትር አይቅረብ።

የሙቀት ጕዳት ወዲያው የማይታይበትም ጊዜ አለ። በሚያዝያ ሙቀት የተጠቃ አውራ ዘሩ ለብዙ ሳምንታት ይደክማል፤ የእሪያ እርግዝና 114 ቀን ያህል ነውና ጕዳቱ የሚታወቀው በክረምት፣ ግልገሎቹ ሲያንሱ ነው። ያን ጊዜ ባለቤቱ እናቲቱን ይወቅሳል። አዲስ የተወለዱት ግልገሎች ግን በተቃራኒው 32 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋሉና፣ እናታቸውን ለማቀዝቀዝ ሲባል እነርሱን ማርጠብ አይገባም።

አፉን ከፍቶ የሚያለከልክ፣ አረፋ የሚደፍቅና እግሩ የሚብረከረክ እሪያ ሙቀት እንደ መታው ይታወቃል። ወደ ጥላ ይወሰድ፤ ከእግሩ ጀምሮ በቀስታ ይርጠብ፤ እጅግ የቀዘቀዘ ውኃ በድንገት አይደፋበት፤ አይነዳም። ብዙ እሪያዎች ባንድነት ትኵሳት ይዟቸው፣ ጆሮአቸውና ሆዳቸው ጠቍሮ የሚሞቱ ከሆነ ግን የአፍሪካ የእሪያ ወረርሽኝ ሊሆን ይችላልና በፀሐይ ማመካኘት አይገባም። ይህ በሽታ በፈረንጅ አቈጣጠር ከ2011 እስከ 2014 ዓመት በኢትዮጵያ መታየቱ ተረጋግጧል፤ መድኃኒትም የለውም። ከርከሮ ሳይታመም ይሸከመዋል፤ መዥገርና ያልተቀቀለ ትራፊም ያስተላልፉታል። የታመመውን ሸጦ ለመገላገል የሚሞክር ሰው ለሌላው ወረዳ በሽታ መላኩ ነውና፣ ሹሙ ገበያውን አግዶ የእንስሳት ሐኪም ይጥራ።

ግቢውን ሊጐበኝ የሚሄድ ሹም በማለዳ ሄዶ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ባይመለስ መልካም ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሄዶ ጥላው የት እንደ ወደቀ፣ ገንዳውም ውኃ እንዳለበት ይመልከት።