ስለ አዲስ ሯጭ

ልጆች ሆይ፥ በ1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታላቁ ሩጫ ተጀመረ፤ የመንገዱም ርዝመት 10 ኪሎ ሜትር ነው።

ለሩጫ አዲስ የሆነ ሰው የሕዝቡን እልልታ በሰማ ጊዜ ልቡ ይነሣሣል፤ ሁሉን ልቅደም ብሎም ከመነሻው ይፈተለካል። ነገር ግን ከተማዪቱ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፥ ጕልበቱም ሳይጨርስ ያልቃል። በዝግታ የጀመረው ግን ጕልበቱን ቈጥቦ እስከ ፍጻሜው ይደርሳል።

እንግዲህ ጀማሪ ከጓደኛው ጋር ሳይሆን ከራሱ ችኰላ ጋር ይታገል። አቅሙን ዐውቆ ሮጦ በመጨረሻ የገባ ሰው ማፈር አይገባውም፤ ማፈር የሚገባው በእርሱ የሚስቅ ነው። እናንተም ፊደል ስትቈጥሩ በዝግታ በሚያነብ ጓደኛችሁ አትሳቁ፤ ታገሡት እንጂ።