ተውባና ምርመራ አይጣሉም

የቡና ለቀማ ሲደርስ እንደ ሸቤ ባሉ የጅማ ዙሪያ ከተሞች ገንዘቡም እንግዳውም ይበዛል። በዚህ መሐል ዚና ላይ የሚወድቅ አይጠፋም። ሲነጋ ይጸጸታል፤ ስለ ኤች አይ ቪ ግን ውስጥ ውስጡን እየተጨነቀ ዝም ይላል።

«ተውባ አድርጌያለሁ፤ ምርመራ ለምኔ?» ማለት አያዋጣም። ተውባ የቀልብ ነው፤ ሰውነትም የአላህ አማና ነውና መጠበቅ አለበት። በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። ይገባው እንደሆነ የሚወስነው የጤና ባለሙያ ነው፤ ስለዚህ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። በማግስቱ ተመርምሮ «ነፃ ነህ» መባልም አያዘናጋ። ቫይረሱ በምርመራ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳልና በ3 ወር ይደገም። ባለትዳር የሆነ እስከዚያ ሚስቱን አደጋ ላይ አይጣል። ቫይረሱ ቢገኝበት እንኳ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ የሚሰጠውን መድኃኒት በአግባቡ የሚወስድ ሰው ሠርቶ፣ ልጅ አሳድጎ ይኖራል።

እኛስ? ለምርመራ በሄደ ሰው ላይ ጣት አንቀስር። አላህ የሸፈነውን ገበና አንግለጥ። ገበናን መሸፈን መልካም ነው፤ በሽታን መደበቅ ግን ቤተሰብን መበደል ነው። ወላሁ አዕለም።