የእጅ ባትሪ፣ ሰንጢና ፒንሳ



የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ጅማ ነው። ከሶዶ የሚነሳው አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ስለሚሞላ ከቤታቸው እስከ መናኸሪያ ያለውን መንገድ በጨለማ መሄድ ግድ ይሆናል። ለጉዞው የሚያስፈልገውን ለመግዛት አብረን ገበያ ወጣን። ብርድ ልብሱና የሻንጣው ቁልፍ ከተገዛ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «አጎቴ፣ አንድ ሰንጢ ግዛልኝ» አለኝ። «ለምን?» ብለው «ለመንገድ» ሲል መለሰ። ብርቱካን ለመላጥ እንዳልፈለገው ከድምፁ ያስታውቅ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ የሰፈሩ ልጅ በዚያው መንገድ ላይ ስልኩን ተነጥቋል።

ቶሎ አልመለስኩለትም። እኔም በእርሱ ዕድሜ ሳለሁ ሰንጢ በካልሲዬ ውስጥ ሸጉጬ መድረሳ እሄድ እንደነበር ትዝ አለኝ። ኡስታዛችን አላወቁም፤ ቢያውቁ ኖሮ ዛሬ ይህን ዓምድ የምጽፍ አይመስለኝም። በዚያ ሰንጢ ከሸንኮራ አገዳ በስተቀር የቆረጥኩት ነገር የለም። ነገር ግን እርሱ ካልሲዬ ውስጥ ባለበት ቀን ሁሉ አፌ ይረዝም ነበር። ልተወው የምችለውን ነገር አልተውም፤ ልርቀው የምችለውን መንገድ አልርቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች በኳስ ምክንያት ተጣሉ። ሁለቱም ክፉ ልጆች አልነበሩም። የአንደኛው ኪስ ውስጥ ሰንጢ ባይኖር ኖሮ ነገሩ በአንድ ጥፊ ያበቃ ነበር። ስለቱን ሊቀማ እጁን የሰነዘረው ልጅ ጅማቱ ተቆርጦ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች እስከ ዛሬ በወጉ አይታጠፉም። ብዕር ሲይዝ አየዋለሁ። ሰንጢውን ያወጣው ደግሞ ያን ዓመት ከትምህርቱ ተሰናከለ፤ በኋላም አልተመለሰም። እርሱም «ለመንገድ» ነበር የያዘው።

ወጣቶች ሆይ፣ ስለት መያዝ በራሱ ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ቀስት የሁሉ ሰው መሣሪያ በነበረበት ዘመን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቀስት ይዛችሁ አትሂዱ አላሉም። በመስጊድና በገበያ የሚያልፍ ሰው ሌላውን እንዳይጎዳ ስለቱን በእጁ ይያዝ ማለታቸውን አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊምም ዘግበውታል። የተመዘዘ ሰይፍ ከእጅ ወደ እጅ መቀባበልንም ከልክለዋል። ቢላዋ ስታቀብሉ እጀታውን ወደ ተቀባዩ አዙሩ የምንለውም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው።

ስለዚህ የእህቴን ልጅ ሻይ ቤት አስቀምጬ አንድ ወረቀት ሰጠሁትና «ባለፈው አንድ ወር የገጠመህን ችግር ሁሉ ጻፍ» አልኩት። ጻፈ። መብራት ጠፋ፤ ስልኬ ቻርጅ ጨረሰ፤ የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጠሰ፤ የአልጋው ብሎን ወለቀ፤ ዝናብ መጽሐፌን አበሰበሰው፤ የበሩ ቁልፍ ውስጥ ተሰበረ። «በሰንጢ የሚፈታው የትኛው ነው?» ብለው ወረቀቱን አየና ሳቀ። ከዚያም እንዲህ አልኩት፦ ስልክ ሊነጥቅህ የመጣው ሰው ሰንጢ ለማውጣት ጊዜ አይሰጥህም፤ ካወጣኸውም ምናልባት በእርሱ እጅ ይገባል። በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ደግሞ ፈታሹ ይወስድብሃል። በጨለማ የሚጠቅምህ ሁለት ነገር ነው፤ ጓደኛና መብራት።

ጓደኛውን ራሱ ፈለገ። መብራቱን ግን እኔ መምረጥ ነበረብኝ፤ በዚህ ነገር ከእርሱ በፊት ተታልያለሁና።

ከሁለት ዓመት በፊት ሰፊ ጨረር ያለውና የሚያብረቀርቅ የእጅ ባትሪ ገዝቼ ነበር። በውስጡ ባለው ድንጋይ ላይ «9900 ሚሊ አምፒር ሰዓት» የሚል ተጽፎበታል። በክረምት አንድ ሌሊት ትንሿ ልጄን ትኩሳት አጣደፋትና እናቷ ጥላ ይዛ፣ እኔ ልጅቷን አዝዬ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወጣን። መብራት በከተማው ጠፍቶ ነበር። ከደጃችን ከወጣን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ባትሪው ደብዘዝ አለና ጠፋ። ቀይ ጭቃችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አዳለጠኝና በጉልበቴ ወደቅሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጅቷ አልተጎዳችም። በባለቤቴ ስልክ መብራት ደረስን፤ እርሱም አሥራ አንድ በመቶ ቀርቶት ነበር።

በማግሥቱ ድንጋዩን አውጥቼ ወርቅ ሠሪ ዘንድ አስመዘንኩት። 28 ግራም ሆነ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ዓይነቱ ቻርጅ የሚደረግ የሊቲየም ድንጋይ 18650 ይባላል፤ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ሁነኛው ወደ 45 ግራም ይመዝናል። የሚይዘውም ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ3500 አይበልጥም። 9900 የሚል ካያችሁ ሻጩን አትሳደቡ፤ ምናልባት እርሱም አያውቅም። ዕቃውን ብቻ መልሱለት።

ለእህቴ ልጅ የመረጥኩት በአንድ ወይም በሁለት የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ የሚሠራውን ትንሹን የእጅ ባትሪ ነው። ብርሃኑ አያስደንቅም። ነገር ግን ድንጋዩ በሶዶም፣ በቦዲቲም፣ በአረካም፣ ወደ ሁምቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ሱቅም አይጠፋም። ለመራመድ ከ50 እስከ 100 ሉመን ከበቂ በላይ ነው። እጅግ ደማቅ መብራት የራስን ዓይን ያሳውራል፤ ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስለሚፈልግ፣ ደማቁ በጠፋ ጊዜ ምንም አይታይም። ደግሞ ባትሪ የሚበራው ወደ እግር ነው። በሚመጣ ሰው ፊት ላይ ማብራት የሌባ ወይም የፈታሽ ሥራ ነው፤ እግራችሁን እያበራችሁ ሰላምታ ስጡ።

ቦርሳ ውስጥ ሲቀመጥ በራሱ እንዳይበራ ክዳኑን ሩብ ዙር ማላላት ወይም አንዱን ድንጋይ ገልብጦ መክተት ይበቃል። ለወራት የማይነካ ከሆነ ድንጋዮቹን ማውጣት ነው፤ ሲያረጁ ፈሳሻቸው ወጥቶ ሽቦውን ይበላዋል። ለዝናቡ ደግሞ ክዳኑ ላይ ጥቁር የጎማ ቀለበት መኖሩን ተመልከቱ። አይፒኤክስ 4 የሚል ምልክት ካለው ርጭት ይችላል፤ አይፒኤክስ 7 ካለ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፤ ምልክቱ እውነተኛ ከሆነ ነው እንግዲህ።

እናቶች በጓዳ የሚሠሩት በሁለት እጅ ስለሆነ ለእነርሱ ግንባር ላይ የሚታሰረው መብራት ይሻላል። ለቤተሰቤ ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ባለቤቴ ያመሰገነችኝ በእርሱ ብቻ ነው።

ከኋላው የሶኬት ጥርስ ወጥቶ በቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሰካውን ባትሪ ግን ተጠንቀቁት። ብዙዎቹ ትራንስፎርመር የላቸውም፤ በመሆኑም እንደተሰካ ብረቱን የነካ ሰው 220 ቮልት ሊይዘው ይችላል። ሳይነቅሉ ማብራት አይገባም፤ ለልጆች አሳዩአቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ መብራትን እንድናጠፋ ያዘዙት አይጥ ክሩን ጎትታ ቤቱን ታቃጥላለች ብለው ነበር። የኩራዝ ዘመን በብዙ ቤት አልፏል፤ በትራስ ሥር ቻርጅ እየተደረገ የሚያድር የሊቲየም ድንጋይ ግን የዘመናችን ኩራዝ ነው።

ስለ ቢላዋም ጥቂት ልበል። የቤት ቢላዋ ከፈለጋችሁ ከሚያብረቀርቀው ይልቅ ቀጥቃጮቻችን ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩትን እመርጣለሁ። ባሌስትራ ስለትን የሚይዝ ብረት ነው፤ በሞረድም ቶሎ ይሳላል። ጉድለቱ መዛጉ ነው፤ ታጥቦ ወዲያው ካልደረቀና ዘይት ካልነካው ይቀላል። በቁርጥ በሚታወቅ አገር ዱልዱም ቢላዋ የሚያሳፍር ነገር ነው፤ ለዒድ ለሚያርድ ሰው ደግሞ ስለትን አስቀድሞ መሳል የታዘዘበት ጉዳይ ነው። ዱልዱሙ የሚያርደውን ሰው እጅም ይቆርጣል፤ ብዙ ኃይል ስለሚፈልግ ያመልጣል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቢላዋውን የሚሠራልንን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን በወላይታም ሆነ በአጎራባች አገሮች ለረጅም ዘመን መሬት ከመያዝና ከመጋባት አግልለናቸው ኖረናል። በእጃቸው ሥራ እየቆረስን ከእነርሱ ጋር አንቆርስም ነበር። አሁንም ልጁን ለቀጥቃጭ ልጅ ለመዳር የሚያንገራግር ሰው በጀመዓችን ውስጥ የለም ብዬ ልምል አልችልም።

ወደ ዕቃችን እንመለስ። አሜሪካዊው ቲም ሌዘርማን እ.ኤ.አ. በ1975 በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞር መኪናዋ በየመንገዱ ትበላሽበት ነበር። ኪሱ ውስጥ ሰንጢ ነበረው፤ የጎደለው ፒንሳ ነበር። ከብዙ ሙከራ በኋላ በ1983 ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ቢላዋ በአንድ የሚታጠፍበትን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ። በገበያችን ያሉት አብዛኞቹ የዚያ አስመሳዮች ናቸው። ልትገዙ ከሆነ መንጋጋውን ገጥማችሁ ወደ ፀሐይ አሳዩት፤ ብርሃን በሰፊው ካሳለፈ ሽቦ አይዝም። መገጣጠሚያው የሚወዛወዝ ከሆነም ተዉት። በዚያው ዋጋ ትንሽ ሁነኛ ፒንሳና ባለ ሁለት ጫፍ ካቻቢቴ ይገኛል፤ ከናስትሮ፣ ከሁለት ክንድ ሲባጎ፣ ከመርፌ ቁልፍና ከፌስታል ጋር በአንድ የመነጽር ማኅደር ውስጥ ይገባሉ። የፒንሳው እጀታ ፕላስቲክ ስለለበሰ ብቻ ኤሌክትሪክ አትንኩበት፤ ለዚያ የተሠራው 1000 ቮልት የሚል ምልክት አለው። ሌላው ቆጣሪውን ካጠፉ በኋላ ነው።

የእህቴ ልጅ በዚህ ሁኔታ ሄደ። ከጓደኛው ጋር ሆነው ባትሪውን ወደ እግራቸው እያበሩ መናኸሪያ ደረሱ፤ እኔም ከኋላ ተከትዬአቸዋለሁ፤ አላዩኝም። ባለፈው ሳምንት ደውሎ ሲነግረኝ የዶርሙን አልጋዎች ብሎን ሁሉ ያጠበቀው እርሱ ነው። የእጅ ባትሪውን አንድ የዶርም ልጅ ተውሶ አልመለሰለትም። ሌላ እንድልክለት ጠይቆኛል፤ ስለ ሰንጢው አላነሳም፤ እኔም አላስታወስኩትም።