በትውልድ አገሩ የውጭ ዜጋ ለሆነ ሰው ማን ይቆምለታል?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ይህችን አጭር አሳቤን በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንድታወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በምኖርበት በሃያ ሁለት አካባቢ፣ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ ብዙ ዘመን በውጭ ኖራ የዚያን አገር ዜግነት የያዘች፣ አሁን ግን አሮጊት እናቷን ልትጦር የተመለሰች ጎረቤት አለችኝ። በቅርቡ በአባቷ ቤት ውርስ ምክንያት ጠብ ተነሥቶ አንድ ዘመዷ «አንቺ የውጭ አገር ሰው ነሽ፤ ወረዳ ሄጄ አስባርርሻለሁ!» አላት። እርሷም «ኤምባሲዬ ዝም አይልም» ስትል መለሰችለት። ማታ ግን ወደ ቤቴ መጥታ «መምህር፤ እውነት ከተወለድሁበት አገር ሊያስወጡኝ ይችላሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን አዋጆቹን ፈልጌ ባነብ ሁለቱም እንደ ተሳሳቱ ተረዳሁ።

አዋጅ ቁጥር 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘውን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደ ተወ ይቆጥረዋል። ስለዚህ በሕግ ዓይን የውጭ ዜጋ መሆኗ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አዋጅ ቁጥር 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ለያዘ ሰው ያለ ቪዛ የመግባት፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ የመኖር መብት ሰጥቶታል፤ መምረጥና መመረጥን ብቻ ሳይሆን በመከላከያና በውጭ ጉዳይ መቀጠርንም ግን ከልክሎታል። ይህ መታወቂያ አላት፤ እንግዲህ የዘመድ ቁጣ አያስወጣትም።

የእርሷም ተስፋ ልኩን ያለፈ ነው። ቆንሲል የታሰረ ዜጋውን መጎብኘትና ጠበቃ መፈለግ እንዲችል በ1955 ዓ.ም. በቪየና የተደረገው ስምምነት ይፈቅዳል። ከዚያ አልፎ ስለ ዜጋው ከሌላ መንግሥት ጋር መከራከር ግን የመንግሥቱ መብት እንጂ የግለሰቡ መብት አይደለም፤ ቢሻው ይከራከራል፣ ባይሻው ይተዋል። ያውም ተበዳዩ አስቀድሞ በበደለው አገር ፍርድ ቤት አቤት ብሎ ከጨረሰ በኋላ ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ሮማዊ መሆኑን በተናገረ ጊዜ ግርፋቱ እንደ ቀረለት ስንማር እንደነቅ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ግርፋቱን ያስቀረው በሩቅ ያለው ቄሣር ሳይሆን እዚያው ቆሞ የሰማው የመቶ አለቃ ነው።

የራሳችንንም ታሪክ እናስታውስ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በዚህችው ከተማ የተወለዱ ሳይቀሩ ብዙ ሰዎች በ1985 ዓ.ም. ለኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ በመመዝገባቸው የኤርትራ ዜጎች ናችሁ ተብለው ተባረሩ። የኤርትራ መንግሥት ጉዳዩን ለካሳ ኮሚሽን አቀረበ። ኮሚሽኑም በሄግ ታኅሣሥ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ በጸጥታ ምክንያት ተለይተው የተባረሩትን በተመለከተ የጦርነት ሕግ ይፈቅዳል አለ። ነገር ግን የየአካባቢው ባለሥልጣኖች ምክንያቱ ሳይታወቅ ብዙ ሰዎችን ማባረራቸውን አረጋግጦ በዚህ ኢትዮጵያን ተጠያቂ አደረገ። ፍርዱ የመጣው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ግን ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያይተው ነበር።

ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 13፣ በሕግ የገባ የውጭ ዜጋ በሕግ መሠረት በተሰጠ ውሳኔ ካልሆነ እንደማይባረር ይደነግጋል፤ ብርቱ የአገር ደኅንነት ምክንያት ካልከለከለ በቀርም መቃወሚያውን እንዲያቀርብ ያዝዛል።

እንግዲህ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ኤምባሲ ዘግይቶ ይደርሳል፣ የሄግ ፍርድም ከዚያ ይበልጥ ይዘገያል። ባለጉዳዩ አስቀድሞ የሚያገኘው በመስኮቱ ላይ ያለውን ሠራተኛ ነው። ስለዚህ የቤተ ዘመድ ጠብ በማመልከቻ መልክ ወደ ጠረጴዛችሁ ሲመጣ፣ እባካችሁ ሥልጣኑ የማን እንደ ሆነ መርምሩ፤ ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሩ፤ ሰውየውንም ስሙት።

ለጎረቤቴም መታወቂያሽን ጠብቂ፣ የውርሱንም ነገር ለፍርድ ቤት ተዪው ብያታለሁ። እናቷ ግን እስካሁን በር በተንኳኳ ቁጥር ትደነግጣለች።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከሃያ ሁለት፣ አዲስ አበባ