የተሰበረ የጎማ ቡሎን የሾፌሩ ጉዳይ ብቻ አይደለም

ግንቦት ልደታ ሲቃረብ ገበሬው ዓይኑን ወደ ሰማይ፣ የማኅበሩ መሪ ደግሞ ዓይኑን ወደ መንገዱ ያደርጋል። ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ዝናቡን ቀድሞ መድረስ አለበትና። በዚህ ጥድፊያ መካከል አንድ ማኅበር ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ የላከው ፒክአፕ ልደታ ማርያም አካባቢ ቆሞ ሲታይ፣ ከአንዱ ጎማ ስድስት ቡሎኖች ሁለቱ ተቆርጠው ተገኙ እንበል። ከጉዞው ኃላፊ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «በአራቱ እንድረስ፤ አገር ቤት ስንገባ ይሠራል» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ቁጠባ ይመስላል። ነገር ግን የማኅበሩን ንብረትና የአባላቱን ሕይወት ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ነው።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት የቡሎኑን ሥራ ማወቅ ይጠቅማል። ዳዶው በሚገባ ሲጠብቅ ቡሎኑ ተወጥሮ ቸርኬውን ጎማው ከሚታሰርበት ብረት ጋር ያጣብቀዋል። ጭነቱን የሚችለውም ይኸው መጣበቅ ነው። ምራኑ የላላ ሞፈር በቀንበሩ ላይ እየተንገላታ እንደሚጎዳ ሁሉ፣ ዳዶው የላላ ጎማም በዞረ ቁጥር ቡሎኑን ያጣምመዋል። የፒክአፕ ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር ከ400 ጊዜ በላይ ስለሚዞር፣ በ100 ኪሎ ሜትር ከ40,000 ጊዜ በላይ መጣመም ማለት ነው። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲያጣጥፉት እንደሚበጠስ ብረቱም ደክሞ ይቆረጣል። የተቆረጠው ቡሎን ሸክም ለቀሩት ስለሚተርፍ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ይፈጥናል። በመጨረሻም ጎማው ከነቸርኬው ወልቆ ይሄዳል።

ከመጠን በላይ ማጥበቅም ከማላላት የማይሻል ጥፋት ነው። እንደ ቶዮታ ሂሉክስ ያለ ፒክአፕ የሚፈልገው ማጥበቂያ ከ100 ኒውተን ሜትር እምብዛም አይርቅም። ይህም ግማሽ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ ግራም ያህል እንደ መጫን ነው። በመፍቻው ላይ የአንድ ሜትር ቧንቧ ሰክቶ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢቆምበት ኃይሉ ሰባት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በዚህ ዓይነት የተጎተተ ቡሎን ዛሬ ባይቆረጥ ነገ ይቆረጣል። ትክክለኛው መጠን በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ተጽፏል።

ቡሎኑ ከተሰበረ መድኃኒቱ ብየዳ አይደለም፤ የብየዳው ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ይቀንሳልና። ጉማጁ ተመትቶ ወጥቶ በውፍረት፣ በርዝመትና በጥርስ ከቀድሞው ጋር የሚመሳሰል አዲስ ቡሎን ሊገባ ይገባል። አንድ ከተቆረጠ ግራና ቀኙ ያሉትም አብረው ይለወጡ፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ የጎማው ቡሎኖች በሙሉ ይለወጡ። ቸርኬው ከመግጠሙ በፊት ዝገቱና ጭቃው ይጠረግ። ዳዶዎቹም በተራ ሳይሆን ትይዩ ለትይዩ ይጥበቁ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ እንደገና ይፈተሹ።

ብልሽት በተገኘ ቁጥር ጥፋቱን በሾፌሩ ማላከክ የተለመደ ነው። ሾፌሩ የራሱ ኃላፊነት እንዳለበት አይካድም። ሆኖም «ቶሎ በል፣ መሸ» የሚለው ማን ነው? ለመለዋወጫ ገንዘብ የሚፈቅደውስ ማን ነው? ሾፌሩ ልቁም ሲል የሚቆጣው መሪ፣ ጎማው ሲወልቅ ከተጠያቂነት ሊያመልጥ አይገባውም።

ልደታ ለዚህ ትምህርት የሚሆን ታሪክ አላት። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሠራቱ በፊት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኖች የሚነሡት ከልደታ ሜዳ ነበር። በአየር ጉዞ ሥራ የተቆረጠ ቡሎን ታይቶ «በቀሩት እንድረስ» አይባልም። ባለሙያው መርምሮ ሳይፈርም አውሮፕላኑ አይነሣም። በፒክአፕ የሚሄድ ገበሬ ነፍስ በአውሮፕላን ከሚሄደው መንገደኛ ነፍስ አታንስም።

ስለዚህ የማኅበራት መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ሦስት ነገር ወስነው በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍሩ ይበጃል። አንደኛ፣ ሾፌሩ ብልሽት ሲያይ ማንንም ሳያስፈቅድ መኪናውን የማቆም ሥልጣን ይኑረው። ሁለተኛ፣ ለመኪናው የሚስማሙ ጥቂት ቡሎኖችና ዳዶዎች ከክሪኩና ከጎማ መፍቻው ጋር ዘወትር ይቀመጡ። ሦስተኛ፣ ጎማ በተፈታ ቁጥር ዳግመኛ የተፈተሸበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ።

ለአንድ ቡሎን የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። በመንገድ የቀረ ዘር ግን ወቅቱ ካለፈ በኋላ ቢደርስ ለገበሬው አይፈይደውም፤ በመንገድ የቀረ ሰው ደግሞ ከቶ አይመለስም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ልደታ ላይ ግማሽ ቀን መቆም ክረምቱን ሙሉ ከመጸጸት ያድናል። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው።